የቀረውን እዪ

ሚጡዬ፣ ያንን የፒኬኤ ሰንጠረዥ መሸምደዱን ተዪው። ኤታኖል 16፣ ፌኖል 10፣ አሴቲክ አሲድ 4.76 እያልሽ ስትደጋግሚ ከኋላሽ ቆሜ እየሰማሁሽ ነው። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። ግን ሚድ ላይ የሚመጣብሽ ሰንጠረዡ ላይ የሌለ ሞለኪውል ነው፤ የኦርጋኒክ መምህር ፈተና ሲያወጣ ልማዱ እንዲያ ነው። «እነዚህን አራት ውህዶች ከደካማው አሲድ ወደ ጠንካራው ደርድሪ፤ ምክንያትሽን ጻፊ» ይልሻል። ማርኩ ደግሞ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው።

እስቲ ሦስቱን ጎን ለጎን ጻፊያቸው። ሦስቱም የሚለቁት ሃይድሮጅን ኦክስጅን ላይ የተቀመጠ ነው። ፒኬኤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ እንደሚበረታ ታውቂያለሽ፤ አንዷ ደረጃ አሥር እጥፍ እንደሆነች ግን ስትሸመድጂ ትረሺዋለሽ። ከኤታኖል እስከ አሴቲክ አሲድ ያለው ርቀት 11 ደረጃ ነው። ይኸውም የአቼቶው አሲድ ከአረቄው አልኮል ከመቶ ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይበረታል ማለት ነው። ሃይድሮጅኑ ያው ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅኑም ያው ኦክስጅን። ታዲያ ይህን ሁሉ ልዩነት ምን አመጣው?

ፕሮቶኑ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። አሲድ ፕሮቶኑን ሲሸኝ የትስስሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች እዚያው ይቀራሉ፤ የቀረው ክፍል ኔጋቲቭ ቻርጅ ተሸክሞ ይቀመጣል። ይህ የቀረው፣ ኮንጁጌት ቤዝ የምትሉት፣ ቻርጁን ይዞ መኖር ካልከበደው አሲዱ ጠንካራ ነው። ከከበደው ፕሮቶኑን ጎትቶ ይመልሰዋል፤ አሲዱም ደካማ ይሆናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ልማድ ያዢልኝ፦ ጥያቄው ላይ አራት አሲድ ካለ ወረቀትሽ ላይ አራት ቤዝ ይኑር። አሲዶቹን ብቻ እያዩ «ይሄኛው ፖላር ነው፣ ያኛው ኦክስጅን ይበዛዋል» እያሉ የሚከራከሩ ልጆች ግማሽ ሰዓት አጥፍተው የሚጽፉት ግምት ነው። ቤዙን ከሳልሽው ጥያቄው ወደ አንድ ነገር ይጠባል፤ ቻርጁ የት ነው ያለው፣ እዚያስ ተመችቶታል ወይ?

መጀመሪያ ቻርጁ ያረፈበትን አቶም እዪ። በፔሪዮዲክ ቴብሉ ወደ ጎን ስትሄጂ ሚቴን ወደ 50፣ አሞኒያ 38፣ ውሃ 15.7፣ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ 3.2 ነው። ካርቦን ኔጋቲቭ ቻርጅ አይወድም፤ ፍሎሪን ግን ለኤሌክትሮን ስስታም ስለሆነ ይመቸዋል። እዚህ ድረስ ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል። ሰው የሚሳሳተው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሰልፈር ከኦክስጅን ያነሰ ኤሌክትሮኔጋቲቭ ነው፤ ሆኖም ኤታንታዮል 10.6 ላይ ተቀምጦ ኤታኖልን በአምስት ደረጃ ይበልጠዋል። ሃይድሮጅን አዮዳይድም ሃይድሮጅን ፍሎራይድን በብዙ ጥሎት ወደ ኔጋቲቭ 10 ይወርዳል። ምክንያቱ ስፋት ነው። ትልቅ አቶም ላይ ቻርጁ ይሳሳል፤ ከትንሹ ሃይድሮጅን ጋር ያለው ትስስርም የላላ ነው። ወደ ጎን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ፣ ወደ ታች ስፋት። ይቺን አንዷን ብትሸመድጃት አልቆጣሽም።

ቀጥለሽ ቻርጁ አንድ ቦታ ተከምሮ እንደሆነ ወይም ተከፋፍሎ እንደሆነ እዪ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ሬዞናንስ ማለት ይኸው ነው። ኤታኖል ፕሮቶኑን ሲለቅ ቻርጁ አንድ ኦክስጅን ላይ ይወድቃል፤ ጎረቤቱ ያለው ካርቦን ፓይ ቦንድ ስለሌለው ሊያግዘው አይችልም። አሴቲክ አሲድ ላይ ግን ጎረቤቱ ካርቦን በድርብ ቦንድ ሌላ ኦክስጅን ይዟል፤ ቻርጁ ለሁለቱ ኦክስጅኖች እኩል ይደርሳቸዋል። እኩል ስልሽ ለአፍ ያህል አይደለም፣ ተለክቷል። ፎርሚክ አሲድ ውስጥ ካርቦኑን ከሁለቱ ኦክስጅኖች ጋር የሚያያይዙት ትስስሮች አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው። ፕሮቶኑ ሄዶ ሶዲየም ፎርሜት ሲሆን ግን ሁለቱም 1.27 አንግስትሮም ሆነው ይገኛሉ። እና በመሃላቸው ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት አድርገሽ ሁለት ሥዕል ስትስዪ፣ ሞለኪውሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ የሚኖር እንዳይመስልሽ። ሞለኪውሉ አንድ ነው። ሥዕሉ ሁለት የሆነው የኛ አሳሳል በአንድ ሊገልጸው ስላልቻለ ነው።

አሁን ፌኖልን ሳዪው። ቻርጁ ከኦክስጅኑ ወደ ቀለበቱ ገብቶ በሦስት ካርቦኖች ላይ ይዘረጋል፤ በሁለቱ ኦርቶ እና በፓራው። ሥዕሉን ብትቆጥሪ ከአሴቴት ይበዛል። እንግዲያው ፌኖል ለምን ከአሴቲክ አሲድ በአምስት ደረጃ ደከመ? ሥዕሎቹ ስንት ናቸው ከማለትሽ በፊት ቻርጁን የሚቀበለው ማን ነው በዪ። አሴቴት ላይ ተቀባዩ ሌላ ኦክስጅን ነው፤ ፌኖል ላይ ተቀባዮቹ ካርቦኖች ናቸው፤ ቀለበቱም ቻርጁን ሲቀበል አሮማቲክነቱ ይነካል። ሬዞናንስ እየቆጠሩ መልስ መስጠት ብዙ ማርክ የሚያስጥለው እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቴክስት ቡክሽ የካርቦክሲሊክ አሲዶችን ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ ለሬዞናንስ ሰጥቶ ከሆነ እንዳለ አትዋጪው። በ1986 ሲግል እና ቶማስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች፣ የካርቦኒሉ ካርቦን ፕሮቶኑ ገና ሳይሄድ ኤሌክትሮን ያጠረው ስለሆነ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይኸው ነው፣ የሬዞናንሱ ድርሻ የሚባለውን ያህል አይደለም ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ብዙ ወረቀት አስጽፏል። አንቺ ለሚዱ «ሬዞናንስ» ብለሽ ጻፊ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን አትጨምሪባት።

ወደ ፌኖል ልመልስሽ፣ ምክንያቱም ደስ የሚለው ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ቀለበቱ ላይ ናይትሮ አስቀምጪበት። ፓራ ላይ ስታደርጊው ፒኬኤው ከ10 ወደ 7.15 ይወርዳል፤ ሜታ ላይ ስታደርጊው ግን ወደ 8.4 ብቻ። ናይትሮው ያው ናይትሮ ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ነው። ቤዙን ሳዪ፤ ቻርጁ ኦርቶ እና ፓራ ካርቦኖች ላይ እንደሚያርፍ አሁን አይተሻል። ፓራ ላይ የተቀመጠ ናይትሮ ቻርጁን እዚያው ተቀብሎ ወደ ራሱ ኦክስጅኖች ያሻግረዋል። ሜታ ላይ ያለው ግን ቻርጁ በደጁ አያልፍም፤ ማድረግ የሚችለው ኤሌክትሮኖቹን በሲግማ ቦንዶቹ በኩል ከሩቅ መሳብ ብቻ ነው። መምህር «ሜታ እና ፓራ ለምን ተለያዩ?» ሲል የሚፈልገው ይህን ነው።

ከዚህም የረቀቀ አለ፤ ፈተና ላይ ባይመጣም ለራስሽ ያዢው። ፓራ-ናይትሮፌኖል ላይ ሁለት ሜቲል ጨምሪ። ከኦኤቹ ግራና ቀኝ፣ ማለትም 2 እና 6 ላይ ስታደርጊያቸው ፒኬኤው ወደ 7.2 ነው፤ ምንም አልተነካም ማለት ይቻላል። እነዚያኑ ሜቲሎች 3 እና 5 ላይ፣ ከናይትሮው ግራና ቀኝ ስታደርጊያቸው ግን ወደ 8.2 ይወጣል። ምን ሆነ? ናይትሮው ቻርጁን የሚቀበለው ከቀለበቱ ጋር በአንድ ጠለል ላይ ተኝቶ ኦርቢታሎቹ ሲገጥሙ ነው። ሁለቱ ሜቲሎች ቦታ አጥበው ከጠለሉ ያጣምሙታል፤ የተጣመመ ናይትሮ ደግሞ ሬዞናንስ ውስጥ መግባት ያቅተዋል። ወረቀት ላይ ቀስት መሳል ስለቻልሽ ብቻ ሬዞናንስ አለ ማለት አይደለም፤ አቶሞቹ በአካል መድረስ አለባቸው። እኔ ይህን ምሳሌ ከሰንጠረዡ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ናይትሮዎቹን ሦስት ስታደርጊያቸው ፒክሪክ አሲድ ይሆናል፤ ፒኬኤው 0.4 ገደማ። አንድም ካርቦክሲል የለውም፤ ፌኖል ሆኖ ሳለ አቼቶን በአራት ደረጃ ይበልጣል። ላብ ውስጥ የደረቀ ቢጫ ዱቄት የያዘ አሮጌ የፒክሪክ አሲድ ጠርሙስ ካየሽ ክዳኑን እንዳትነኪ፣ ሲደርቅ የሚፈነዳ ነገር ነው። ኃላፊውን ጥሪ።

ከሩቅ የመሳብን ነገር ካነሳን፣ ኢንዳክቲቭ ኢፌክት ርቀት ይፈራል። ቡታኖይክ አሲድ 4.82 ነው። ክሎሪን አንድ አስገቢና ከካርቦክሲሉ ቀጥሎ ያለው ካርቦን ላይ አስቀምጪው፦ 2.86። አንድ ካርቦን አርቂው፦ 4.05። አሁንም አንድ አርቂው፦ 4.52። ሦስተኛው ካርቦን ላይ ሲደርስ ክሎሪኑ ከመኖሩ አለመኖሩ የማይለይበት ደረጃ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ብዛትም ይቆጠራል፤ አሴቲክ አሲድ ላይ አንድ ክሎሪን ወደ 2.87፣ ሦስት ክሎሪን ወደ 0.65 ያወርደዋል። ይህን ከቤታችን ልታዪው ከፈለግሽ እርጎ አለልሽ። እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ነው፤ ፕሮፓኖይክ አሲድ ማለት ነው፣ ካርቦክሲሉ አጠገብ አንድ ኦኤች ተጨምሮበት። ፕሮፓኖይክ 4.87፣ ላክቲክ 3.86። ያቺ አንዲት ጎረቤት ኦክስጅን አሥር እጥፍ አጠነከረችው።

ሜቲልና መሰሎቹ ደግሞ ኤሌክትሮን ስለሚለግሱ ያዳክማሉ ይባላል፤ ፎርሚክ 3.75 ሆኖ አሴቲክ 4.76 የሆነው በዚህ ነው ብለሽ ብትጽፊ ማርክ ታገኛለሽ። አልኮሎች ላይ ግን ተጠንቀቂ። ቴርቲያሪ ቡታኖል ውሃ ውስጥ ከኤታኖል የደከመ አሲድ ነው፤ ብዙ ሾርት ኖት «ሦስቱ ሜቲሎች ኤሌክትሮን ስለሰጡ» ብሎ ያልፈዋል። ብራውማን እና ብሌር በ1968 እነዚህን አልኮሎች ውሃ በሌለበት፣ በጋዝ መልክ ሲለኳቸው ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቴርቲያሪ ቡታኖል ጠንካራው ሆኖ ተገኘ። ሜቲሎቹ በባሕሪያቸው አዳካሚ ቢሆኑ ይህ አይሆንም ነበር። ውሃ ውስጥ የሚያዳክመው የውሃ ሞለኪውሎች ያንን በሜቲል የታጠረ ኦክስጅን ቀርበው ማረጋጋት ስለሚቸገሩ ነው። ፒኬኤ የሞለኪውሉ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትም ፈሳሽ ጠባይ እንደሆነ ያዢ።

ኦርቢታልን ቶሎ ልበልልሽ። ኤቴን 50፣ ኤቲሊን 44፣ አሴቲሊን 25። ሦስቱም ካርቦን ላይ የተቀመጠ ሃይድሮጅን ናቸው፤ ልዩነቱ የኦርቢታሉ የኤስ ድርሻ ነው፣ 25፣ 33 እና 50 በመቶ። የኤስ ድርሻ ሲጨምር ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኒውክለሱ ይቀርባሉ፤ ቻርጁም ይረጋጋል። ብየዳ ቤት የሚነደው አሴቲሊን ከአሞኒያ የበለጠ አሲድ ነው ብልሽ አትመኚኝም ነበር፤ አሁን ግን 25 እና 38ን አወዳድሪያቸው። ለዚህ ነው ሶዲየም አሚድ የአሴቲሊንን ፕሮቶን መንጠቅ የሚችለው፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ግን የማይችለው፤ ውሃ 15.7 ነዋ። «መጀመሪያ አቶም፣ ከዚያ ሬዞናንስ፣ ከዚያ ኢንዳክቲቭ፣ መጨረሻ ኦርቢታል» የሚለው ቅደም ተከተል መንገድ መሪ ነው እንጂ ሕግ እንዳልሆነም ከዚሁ እዪ። እዚህ ኦርቢታሉ አቶሙን አሸንፎታል።

አሁን ደግሞ ማሌይክ እና ፉማሪክ አሲድን ውሰጂ። ሁለቱም አራት ካርቦን፣ ሁለት ካርቦክሲል፣ አንድ ድርብ ቦንድ፤ ፎርሙላቸው አንድ ነው። ማሌይክ ላይ ሁለቱ ካርቦክሲሎች በአንድ ወገን፣ ፉማሪክ ላይ በተቃራኒ ወገን ናቸው። የመጀመሪያውን ፕሮቶን ማሌይክ በ1.9፣ ፉማሪክ በ3.0 ይለቃሉ። ሁለተኛው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፉማሪክ 4.4፣ ማሌይክ ከ6 በላይ። ማሌይክ አንዱን ፕሮቶን ሲለቅ አጠገቡ ያለው ያልተነካ ካርቦክሲል ሃይድሮጅኑን ዘርግቶ ቻርጁን በሃይድሮጅን ቦንድ ይይዝለታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ስንብት ቀላል ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ያንኑ የተያዘ ሃይድሮጅን መንጠቅ ሊኖርብሽ ነው፤ ከዚያም ሁለት ኔጋቲቭ ቻርጆች ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ። ፉማሪክ ላይ ሁለቱ ካርቦክሲሎች ስለተራራቁ ይህ ሁሉ የለም። ሳሊሲሊክ አሲድም እንዲሁ ነው። አስፒሪን የሚሠራበት ይህ አሲድ ኦኤቹ ከካርቦክሲሉ ጎን ስለሆነ 2.97 ነው፤ ኦኤቹን ፓራ ላይ ብትወስጂው 4.5 ገደማ ሆኖ ከተራው ቤንዞይክ አሲድ፣ ከ4.20ው፣ እንኳ ይደክማል። ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን ባየሽ ቁጥር «ይነካካሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ የሚቀር ከመሰለሽ ላብ ውስጥ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ቤንዞይክ አሲድና ናፍቶል ተቀላቅለው ኢተር ውስጥ ሟሙተው ይሰጡሻል፤ ለዪ ትባያለሽ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠሽ ሴፓራቶሪ ፈነሉ ውስጥ ጨምሪ። የካርቦኒክ አሲድ ፒኬኤ 6.35 ነው፤ ቤንዞይክ አሲዱ ስለሚበልጠው ፕሮቶኑን ለባይካርቦኔቱ ሰጥቶ ጨው ይሆንና ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ፈነሉም በጋዝ ይፈላል። ናፍቶል ፌኖል ስለሆነ፣ 9.5 ስለሆነ፣ አይሰጥም፤ ኢተሩ ውስጥ ቁጭ ይላል። ውሃውን አውጥተሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ስታደርጊበት ነጩ ቤንዞይክ አሲድ ተመልሶ ይረጋል። ሁለት ቁጥር በማወዳደር ብቻ ሁለት ነገር ለየሽ። ፈነሉን ስትነቀንቂ ግን ቧንቧውን ወደ ሰው ሳታዞሪ ቶሎ ቶሎ ከፍተሽ አስተንፍሺው፤ ጋዙ ክዳኑን ይፈነቅለዋል። ፌኖልን ራሱን በምትነኩበት ቀን ደግሞ ጓንት ሳታደርጊ እንዳላይሽ። ቆዳን ያቃጥላል፤ የሚከፋው ቦታውን ማደንዘዙ ነው፤ ሕመሙ እስኪሰማሽ ድረስ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቅሻል።

አሁን አንድ ልስጥሽና ልሂድልሽ። አስኮርቢክ አሲድ፣ ቫይታሚን ሲ። ካርቦክሲል የለውም፤ ፒኬኤው ግን 4.2 አካባቢ ነው፣ ከአቼቶ ይብሳል። አራት ኦኤች አለው። ሁለቱ ጎን ባለው ሰንሰለት ላይ ያሉ ተራ አልኮሎች ናቸው፤ ሁለቱ ቀለበቱ ውስጥ ካለው ድርብ ቦንድ ሁለት ጫፎች ላይ ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ 4.2፣ አንዱ ከ11 ከፍ ይላል። ቴክስት ቡኩን ሳትገልጪ አራቱንም ቤዞች አንድ በአንድ ሳዪያቸው፤ የትኛው ላይ ቻርጁ ወደ ካርቦኒሉ ኦክስጅን መሻገሪያ እንዳገኘ በቀስት አሳይተሽ ማታ አምጪልኝ።